የካፒቴኖቹን ካርታዎች ሳይበጣጠሱ እንድረስላቸው

ውድ ወገኖች፣

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን ከጣሪያ ሥር ያወጡትን የቆርቆሮ ቱቦ ይዘውልን መጡ። ውስጡ የቅድመ አያታቸው የባሕር ካርታ ነበር። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብለን ዘረጋነው። ጀርባው ሰማያዊ ወረቀት ተለጥፎበታል። ፊቱ ላይ ከአሜሪካዋ የወደብ ከተማ ከሴለም፣ ማሳቹሴትስ ተነስቶ የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ የሚዞርና ዛንዚባር የሚደርስ የእርሳስ መስመር አለ። መስመሩ ላይ የተደረደረችው እያንዳንዷ ነጥብ የአንድ ቀን ቀትር ናት። ካፒቴኑ የፀሐይዋን ከፍታ በሴክስታንት፣ ማለትም በማዕዘን መለኪያ መሣሪያ ለክቶ፣ ሰዓቱን አመሳክሮ፣ «ዛሬ እዚህ ነን» ብሎ በእጁ ያስቀመጣት። ጥሩ ነፋስ ባገኘበት ነጥቦቹ ይራራቃሉ። ምድር ወገብ አካባቢ ግን አንዷ በሌላዋ ላይ ተደራርበዋል፤ ሸራው ነፋስ አጥቶ መርከቧ ቆማለች። በጣቴ ስዳስሰው መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተሰሙኝ። ርቀት የሚለኩበት ባለሁለት ሹል መሣሪያ የተዋቸው ናቸው።

ጠርዙ ግን እየተፈረፈረ ነው። ማስታወሻው የተጻፈበት የድሮ ቀለም ብረት ስላለበት ወረቀቱን ይበላዋል። ቱቦው ውስጥ ተመልሶ ከገባ ደግሞ ሲወጣ ምን እንደሚተርፍ እንጃ።

የሴለም ካፒቴኖች እ.ኤ.አ. በ1799 ማኅበር አቋቁመው ነበር። አባል የሚሆነው በደቡብ አፍሪካ ካለው ከመልካም ተስፋ ጫፍ ወይም በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ካለው ከኬፕ ሆርን ማዶ የተጓዘ ብቻ ነው። ለጉዞው ባዶ መዝገብ ይሰጠዋል፤ ሲመለስ ሞልቶ ያስረክባል። ከእነዚያ መዝገቦች ብዙዎቹ በሙዚየም እጅ ተጠብቀዋል። እኛን የሚያስጨንቀን በየቤቱ የቀረው ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ማቲው ሞሪ እ.ኤ.አ. ከ1847 ጀምሮ የነፋስና የባሕር ውሃ ፍሰት ካርታዎቹን ያሳተመው እንዲህ ያሉ የመርከብ መዝገቦችን ሰብስቦ ነው። መዝገቦቹን የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ዛሬም ድረስ ይጠቀሙባቸዋል።

«እኛን ምን አገባን?» ለሚል አንድ ነገር ልንገረው። እነዚህ መርከቦች ዛንዚባር ያራገፉት በማሳቹሴትስ ፋብሪካዎች የተሸመነ ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ነበር። የጠረፉ ሰው መሪካኒ ይለዋል። በኤደንና በምፅዋ በኩል ወደ ሀገራችን ሲገባ ደግሞ አቡጀዲ ሆነ። አያቶቻችን የለበሱት፣ ሬሳ የገነዙበት አቡጀዲ! ሲመለሱ ከየመን ወደብ ከሞካ ቡና ይጭኑ ነበር። እኔ ይህን ሳውቅ ያንን የእርሳስ መስመር እንደ ባዕድ ታሪክ ማየት አልቻልኩም።

እንግዲህ የምንለምናችሁ ይህን ነው። ካርታዎቹን ሳያጥፍ የሚያነሳ ትልቅ ስካነር ለሁለት ሳምንት እንከራያለን። አሲድ የሌለበት ማስቀመጫ እንገዛለን። የተቀደደውን በስስ የጃፓን ወረቀት ለሚጠግን ባለሙያ እንከፍላለን። ካርታዎቹ ተመልሰው ለባለቤቶቻቸው ይሰጣሉ፤ ምስሉ ግን ለማንም ያለ ክፍያ ክፍት ይሆናል። አሥር ዶላርም ይሁን ሃያ፣ የተቻላችሁን ጣል አድርጉ። ሦስት ሰው ሳይፈርም ከሂሳቡ ገንዘብ አይወጣም፤ ደረሰኝ ለእያንዳንዱ ሰጪ ይላካል። የሂሳብ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

እጅ ያጠራቸው ጊዜያቸውን ይስጡን። ነጥቦቹን አንድ በአንድ ወደ ኬክሮስና ኬንትሮስ ሠንጠረዥ የሚገለብጥ ሰው በጣም ያስፈልገናል፤ ከቤት ሆኖ የሚሠራ ነው። እናቶቻችሁና አያቶቻችሁ ስለ አቡጀዲ የሚያስታውሱት ካለም በስልክ ቅዱልንና ላኩልን፤ ከካርታዎቹ ጎን እናስቀምጠዋለን።

ስካነሩን የያዝነው ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ነው። እስከ ሆሳዕና ድረስ ብትደርሱልን፣ የጎረቤታችን ካርታ የመጀመሪያው ይሆናል።