ስለ ሕንድ መሳፍንት ውሎች

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሕንድ መሳፍንት የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ጸሐፊው ከ560 የሚበልጡት የመሳፍንት ግዛቶች ለእንግሊዝ በውል ቢታሰሩም በውስጥ ጉዳያቸው በራሳቸው ፈቃድ ይተዳደሩ እንደነበር ገልጸዋል። ውል መኖሩ እውነት ነው፤ ውሉ በተግባር ምን እንደሠራ ሳይመረመር እንዲህ መደምደሙ ግን አንባቢን ያሳስታል።

በሕዝብ ብዛት ከሁሉም ይበልጥ የነበረውን የሃይደራባድን ግዛት እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1798 ገዥው ኒዛም በፈረንሳይ መኮንኖች የሠለጠነውን ጦሩን በትኖ፣ በምትኩ በዚያን ጊዜ ሕንድን በእንግሊዝ ስም ያስተዳድር የነበረውን የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያን ጦር በአገሩ ለማስፈርና ወጪውን ለመቻል ተዋዋለ። በ1800 ደግሞ በሌላ ውል ለዚሁ ጦር ማኖሪያ ሲባል፣ ጎረቤት ከሆነው ከማይሶር መንግሥት ጋር ከተደረገው ጦርነት የደረሰውን መሬት ለኩባንያው ለቀቀ። ቆየት ብሎ ኮንቲንጀንት የሚባል፣ አዛዦቹ እንግሊዛውያን፣ ደመወዝ ከፋዩ ግን ኒዛሙ የሆነ ሌላ ጦር ተጨመረበት። ደመወዙ ሲወዘፍ ኩባንያው ከራሱ ካዝና እየከፈለ በኒዛሙ ላይ ዕዳ ያስቆጥር ነበር፤ በ1853 ጠቅላይ አገረ ገዥው ሎርድ ዳልሁዚ ይህንኑ ዕዳ ይዞ ለም የጥጥ ምድር የሆነውን ቤራርን በኩባንያው አስተዳደር ሥር አስገባው። እኔን አብዝቶ የሚያሳዝነኝ፣ ኒዛሙ ኮንቲንጀንቱን በሰላም ጊዜ እንዲቀልብ የ1800ው ውል እንደማያስገድደው ዳልሁዚ ራሱ በጽሑፍ ማመኑ ነው። የሃይደራባድ ዋና ሚኒስትር ሳላር ጃንግ ቤራር እንዲመለስ ደጋግመው ቢጠይቁም ሰሚ አላገኙም፤ በ1902 ግዛቱ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ሩፒ ለዘለቄታው ለእንግሊዞች ተከራየ።

ጸሐፊው ስለ ሌላው የመሳፍንት ግዛት ስለ ባሮዳ ያነሡትን እቀበላለሁ። የባሮዳው ገዥ ሳያጂራኦ ሦስተኛ በ1906 የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን በግዛታቸው ሁሉ ግዴታ ማድረጋቸው የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም እርሳቸው ገና በልጅነታቸው ለዙፋን የበቁት፣ ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ማልሃር ራኦ የእንግሊዙን ሬዚደንት፣ ማለትም በግዛቱ የተቀመጠውን የእንግሊዝ መንግሥት እንደራሴ፣ ሊመርዙ ሞክረዋል ተብለው ከተከሰሱ በኋላ በ1875 ከሥልጣን በመሻራቸው ነው። ከመርማሪው ጉባኤ 6 አባላት 3ቱ እንግሊዛውያን ጥፋተኛ ሲሏቸው 3ቱ ሕንዳውያን ክሱ አልተረጋገጠም ብለው ነበር፤ መንግሥት ግን አስተዳደራቸው ብልሹ ነው በሚል ምክንያት ሻራቸው። መስፍኑን የሚያወርድ እጅ ካለ፣ የውስጥ ነጻነት የሚባለው ምኑ ላይ ነው?

ኋላ የሃይደራባድ ገዥ የሆነው ኒዛም ኦስማን አሊ ካን እንደ እኩል ተዋዋይ ሆኖ ቤራርን ቢጠይቅ፣ ምክትል ንጉሡ ሎርድ ሪዲንግ በማርች 1926 በጻፈው ደብዳቤ፣ የእንግሊዝ ዘውድ በሕንድ የበላይ ስለሆነ ማንም የሕንድ መስፍን ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በእኩልነት ሊደራደር እንደማይገባው ነገረው። ጸሐፊው በሚቀጥለው ክፍል ይህን ደብዳቤ ከውሎቹ ጎን አስቀምጠው እንዲመለከቱት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የዘወትር አንባቢ