አካውንትሽ ላይ ስላደረግኩት ገደብ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ከዛሬ ጀምሮ ኮምፒውተሩ ሲከፈት የአራታችንም ስም ይወጣል። የራስሽን ስትነኪ የምትገቢበት አካውንት ገደብ አለው። አንቺ ሳታውቂ ገደብ አድርጌ ዝም ማለት አልወደድኩም። ማንበብ ጎብዘሻልና ያደረግኩትን ሁሉ ልጻፍልሽ። ያልገባሽ ቃል ካለ ከሥሩ አስምሪበት፤ አብረን እናነበዋለን።

ዊንዶውስ ላይ አካውንት ሁለት ዓይነት ነው። አድሚኒስትሬተር የሚባለው ሶፍትዌር ይጭናል፣ የሌላውን ሰው ፋይል ይሰርዛል፣ ሴቲንጉን እንዳሻው ይቀይራል። ስታንዳርድ የሚባለው ይህ ሁሉ ሥልጣን የለውም፤ ያንቺም ስታንዳርድ ነው። አንድ ጌም ለመጫን ፓስዎርድ ከተጠየቅሽ የሚፈለገው የእኔ ነው፤ ጥሪኝና አብረን እናየዋለን። ትንሽ ስለሆንሽ ብቻ አይምሰልሽ። እኔም በየቀኑ የምሠራው በስታንዳርድ አካውንት ነው፤ አድሚኒስትሬተሩን ለብቻው አስቀምጬ የምነካው ሲያስፈልግ ነው። ቤት ውስጥ ልጅ ባይኖርም እንዲሁ አደርግ ነበር፤ ቫይረስ ሲገባ የሚያገኘው የገባበትን አካውንት ሥልጣን ነውና። ባንቺ በኩል ቢገባ ሥዕሎችሽን ሊያበላሽ ይችላል፤ የወንድምሽን የትምህርት ቤት ሥራ ለመንካት ግን ይቸገራል። የሥዕሎችሽን ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጬልሻለሁ።

የሰዓቱ ነገር እንደሚያናድድሽ አውቃለሁ። በትምህርት ቀን 60 ደቂቃ፣ ቅዳሜና እሁድ 90 ደቂቃ ነው። ሊያልቅ ሲል ስክሪኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ ያኔ ሥራሽን ሴቭ አድርጊ። ለመጨረስ ጥቂት ከቀረሽ እዚያው ተጨማሪ ጊዜ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ጥያቄው ስልኬ ላይ ይደርሰኛል። የኮምፒውተሩን ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ ስታንዳርድ አካውንት ያን አይፈቀድለትም።

ጊዜው አልቆ ሲዘጋብሽ ጥፋት ያጠፋሽ እንዳይመስልሽ። ዩቲዩብ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ቀጣዩን ራሱ ይከፍታል። ብዙ ጌሞች መጨረሻ የላቸውም፤ ነገ ተመልሰሽ ካልገባሽ ሽልማቱ ያመልጥሻል ይሉሻል። እንዲህ ተደርገው የተሠሩት ሰው ቶሎ እንዳይነሣ ነው፤ ትልቅ ሰውም ይቸገራል። በዚህ ዕድሜሽ ብቻሽን ታገዪው ብዬ ልተውሽ አንጀቴ አልቻለም።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ኢንተርኔት የምትገቢው ማይክሮሶፍት ኤጅ በሚባለው ብሮውዘር ብቻ ነው፤ ለልጅ የማይሆኑ ገጾችን የሚዘጋው ማጣሪያ የሚሠራው እዚያ ላይ ስለሆነ ሌሎቹ ብሮውዘሮች ተዘግተዋል። ማጣሪያው ግን ይሳሳታል። ለሳይንስ ትምህርት የሚያስፈልግሽን ስለ ሰው አካል የተጻፈ ገጽ ሊዘጋብሽ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ንገሪኝ፣ እከፍትልሻለሁ። የሚያስፈራ ወይም የሚያሳፍር ነገር ደግሞ ሊያሳልፍ ይችላል። ያን ጊዜ ገጹን መዝጋት ካቃተሽ እንዳለ ትተሽው ተነሺና ጥሪኝ። ቃል የምገባልሽ ይህን ነው፤ አልቆጣሽም፣ ኮምፒውተሩንም አልከለክልሽም። ፈልገሽ ከፍተሽው ቢሆን እንኳ። ልጆች ብዙ ጊዜ ያዩትን የሚደብቁት እንዳይከለከሉ ፈርተው ነው፤ ከዚያም ፍርሃቱን ብቻቸውን ይዘውት ይተኛሉ። አንቺ እንዲያ እንድትሆኚ አልፈልግም።

ጌም ውስጥ የማታውቂው ሰው ሊያወራሽ ይሞክር ይሆናል። ደግ ሊመስል ይችላል፣ ልጅ ነኝ ሊልሽም ይችላል። ስምሽን፣ ትምህርት ቤትሽን ወይም ፎቶሽን ከጠየቀሽ አትመልሺለት። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» ካለሽ ደግሞ ጨዋታውን አቁመሽ ቀጥ ብለሽ ወደ እኔ ነይ፤ ለልጅ መልካም የሚያስብ ሰው ከወላጅ ተደብቂ አይልም።

ብዙ ድረ ገጾች 13 ዓመት ያልሞላውን ልጅ አይመዘግቡም። ይህ በአብዛኛው የመጣው አሜሪካ ውስጥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ከወጣ ሕግ ነው፤ ኩባንያዎች ወላጅ ሳይፈቅድ ከ13 ዓመት በታች ያለን ልጅ መረጃ እንዳይሰበስቡ ይከለክላል። ስለዚህ ለመመዝገብ ብለሽ የትውልድ ዘመንሽን አትቀይሪ፤ በሕጉ የተሰጠሽ ጥበቃ ያመልጥሻል።

እኔ የማየው ምን እንደሆነ ደግሞ ልንገርሽ። የከፈትሻቸው ገጾች፣ የፈለግሻቸው ቃላት፣ የተጠቀምሽባቸው አፖችና የቆየሽበት ጊዜ በሪፖርት ይደርሰኛል። የጻፍሽው ተረትና የሣልሽው ሥዕል ግን ሪፖርቱ ውስጥ አይገቡም። በአድሚኒስትሬተሩ ገብቼ ፎልደርሽን መክፈት እችላለሁ፤ አንቺ አጠገቤ ሳትኖሪ ግን አልከፍተውም። ወንድምሽ በራሱ አካውንት ሆኖ ሊከፍተው አይችልም።

ገደቡ እንዲህ እንዳለ አይቀጥልም። በየልደትሽ አብረን ተቀምጠን የትኛው እንደሚነሣ እንነጋገራለን። ከሁሉ በፊት የሚነሣው ሪፖርቱ እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ የሰዓቱ ግን ትንሽ የሚቆይ ይመስለኛል።

ማታ ፓስዎርድሽን አብረን እናወጣለን። አንቺ ብቻ የምታስታውሻቸውን ሦስት አራት ቃላት ከአሁኑ አስቢ፤ ለእኔ ትነግሪኛለሽ፣ ለወንድምሽ ግን አይሆንም። ከኮምፒውተሩ ስትነሺ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘሽ ኤል (L) የሚለውን ፊደል ተጫኚ፤ የከፈትሽው ሥራ ሳይዘጋ ስክሪኑ ብቻ ይቆለፋል።

የምትወድሽ እናትሽ