ለቃለ መጠይቅ ስልክ ይደወልልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ደብረ ማርቆስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማካሪ ነኝ። ክሊኒካል ሳይኮሎጂ (የሥነ ልቦና ሕክምና) ለሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ዘንድሮ ለሁለተኛ ጊዜ አመለከትሁ። ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አልፌያለሁ፤ በእሱ አላማርርም። ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የቃለ መጠይቁ ቀን አዲስ አበባ፣ ባመለከትሁበት ዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ኖሯል፤ እኔ የሰማሁት ግን በዋዜማው፣ አዲስ አበባ ካለች የድሮ ክፍሌ ልጅ ነው። በሌሊት ተነሣሁ፤ ደጀንን አልፈን ዓባይ በረሃ ስንገባ መኪና ተሰልፎ ቆሟል። ስደርስ ጸሐፊዋ «ውይ፣ ዝርዝሩ ወደ ላይ ሄዷል» አለችኝ። የመምህሬ የድጋፍ ደብዳቤ ያለበት ፖስታ ሳይከፈት ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጧል። ማኅተሙን አውቀዋለሁ፤ ሲመታ አጠገቡ ነበርሁ።

ቦታው ጥቂት መሆኑ ይገባኛል። ተማሪው ሆስፒታል ውስጥ በአሠልጣኝ ሥር ሆኖ ታካሚ ማየት አለበት፤ አሠልጣኙ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ግን ለአመልካች አጭር መልእክት መላክ ምን ይከብዳል?

ማክሰኞ ዕለት አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ቢሮዬ መጥታ «ቲቸር፣ እንቅልፍ እንቢ አለኝ» አለችኝ። ሰማኋት፤ ከዚያ በላይ ገና አልተማርሁም።

አንድ አመልካች፣ ከደብረ ማርቆስ