የኦገስት ሴል (የቅናሽ ሽያጭ) ሳያልፍ ለልጆቻችን ቀለም እንግዛ

ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ትምህርት ቤት መክፈቻ ወጪ ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ጥሩ ነው፣ ግን እኛ ልጆቻችንን ቤት የምናስተምረው ወላጆች አንድም ቦታ አልተነሳንም። ቁጥራችን እኮ ቀላል አይደለም። የአሜሪካ ሴንሰስ ቢሮ በ2020 ኮቪድ ሰሞን ባደረገው ሰርቬይ ስፕሪንግ ላይ 5.4 በመቶ የነበሩት ሆምስኩል የሚያደርጉ ቤተሰቦች ፎል ላይ 11.1 በመቶ ደርሰው ነበር፣ በጥቁር ቤተሰቦች ዘንድ ደሞ ከ3.3 ወደ 16.1 በመቶ ነው የጨመረው። ከዛ ወዲህ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት የመለሰ አለ፣ በዛው የቀጠለም አለ፣ እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከቅዳሴ በኋላ እናቶች ተሰብስበው ሲያወሩ ቁጭ ብላችሁ ብትሰሙ ስንት ሰው ቤቱ እያስተማረ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ምን ምን እንደሚገዛለት ሊስት ይላክለታል። ለኛ የሚልክልን የለም፣ ሊስቱን የምናወጣው ራሳችን ነን፣ ከኪሳችን የምንከፍለውም ራሳችን ነን። እና እኔ በየቤቱ የማየው ነገር ያሳስበኛል፣ ለሂሳብና ለሳይንስ ወርክቡክ ብዙ ዶላር ይወጣል፣ ፍላሽ ካርዱ ምኑ ይደረደራል፣ ወደ ስዕል ሲመጣ ግን አንድ ግማሹ የተሰባበረ ክሬዮን ያለበት ፓኬትና የፕሪንተር ወረቀት ብቻ ነው ያለው። እናቶቹን ስጠይቅ "እሱ ጊዜ ካለ ነው" ይሉኛል። ዶክተርና ኢንጂነር እንዲሆኑልን ብለን የመጣንበት አገር ስለሆነ ሀሳቡ ይገባኛል፣ ግን አልስማማበትም። እስክሪብቶ መያዝ የሚከብደው ልጅ እጁ የሚጠነክረው በብሩሽና በመቀስ ነው፣ ቁጭ ብሎ አንድን ነገር አተኩሮ ማየት የሚለምደውም ሲስል ነው።

ሜሪላንድ ላለነው ደሞ ነገሩ የፍላጎት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የስቴቱ ደንብ ቤት የሚማር ልጅ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ ሳይንስ፣ ሶሻል ስተዲስ፣ አርት፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት በቋሚነት መማር አለበት ይላል። ከመጀመራችሁ ቢያንስ 15 ቀን በፊት ለካውንቲው ታሳውቃላችሁ፣ ከዛ ፖርትፎሊዮ ማለትም የልጁ ስራ የሚሰበሰብበት ፋይል ትይዛላችሁ፣ በካውንቲው በኩል የምትሄዱ ከሆነ ካውንቲው በዓመት ቢበዛ 3 ጊዜ ያየዋል፣ እና እዛ ውስጥ ወርክሺትና ፈተና ብቻ ሳይሆን የልጁ የፈጠራ ስራም መግባት አለበት። ስለዚህ ልጁ የሳለውን ሁሉ ከጀርባው ቀን እየጻፋችሁበት አስቀምጡት፣ ሪቪው ሲደርስ አትጨነቁም። ቨርጂኒያ ያላችሁ ህጋችሁ ሌላ ነው፣ እናንተ እስከ ኦገስት 15 ነው ለስኩል ዲቪዥኑ፣ ማለትም ለአካባቢው የትምህርት ቤቶች አስተዳደር የምታሳውቁት።

አሁን ወደ ግዢው ልምጣ፣ ምክንያቱም ይሄን ደብዳቤ አሁን የምጽፈው ጊዜው እያለፈ ስለሆነ ነው። ከጁላይ ጀምሮ እስከ ኦገስት መጨረሻ ድረስ ትልልቆቹ ሱቆች ሰው ለመሳብ ብለው ደብተርና ክሬዮን በጣም በርካሽ ይሸጣሉ፣ 24 ፍሬ ክሬዮን ከአንድ ዶላር በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ፣ ያንኑ ፓኬት ኖቬምበር ላይ ብትሄዱ ዋጋው እጥፍና ከዛም በላይ ሆኖ ነው የሚጠብቃችሁ። ቨርጂኒያ በኦገስት የመጀመሪያው አርብ፣ ቅዳሜና እሁድ ላይ ዋጋው ከ20 ዶላር የማይበልጥ የትምህርት እቃ ከሴልስ ታክስ ነጻ ነው፣ ይሄ ቀለሙንም ብሩሹንም ሸክላውንም የስዕል ደብተሩንም ይጨምራል፣ ተማሪ አለኝ ብላችሁ ማስረጃ ማሳየት አይጠበቅባችሁም። የኛ የሜሪላንድ ታክስ ፍሪ ሳምንት ግን ለልብስና ለጫማ ነው፣ ለቦርሳም ከታክስ ነጻ የሆኑት የመጀመሪያዎቹ 40 ዶላር ብቻ ናቸው፣ ክሬዮንና ደብተር አይገባበትም፣ ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ነው ያንን ሳምንት የሚጠብቀው። አንዳንድ የአርትና የመጽሐፍ ሱቆች ደሞ ለአስተማሪ የሚያደርጉትን ቅናሽ ሆምስኩል ለሚያደርግ ወላጅም ይሰጣሉ፣ ለካውንቲው ያስገባችሁትን ማሳወቂያ ኮፒ ይዛችሁ ጠይቁ፣ ለመጠየቅ አትፈሩ።

ግን ርካሽ ነው ተብሎ ሁሉም ነገር አይከመርም። የሚቆየውንና የማይቆየውን መለየት ያስፈልጋል። እርሳስ፣ ክሬዮን፣ ወረቀት፣ ኢንዴክስ ካርድ፣ መቀስ፣ ማስመሪያ ለዓመታት ይቆያል፣ እሱን ግዙ። ማርከር፣ ማጣበቂያና የተበጠበጠ ቀለም ግን ሳይከፈትም ይደርቃል፣ ቴምፔራ የሚባለው የልጆች ቀለም ደሞ ሲቆይ ይሸታል፣ የአንድ ዓመቱን ብቻ ውሰዱ። ወረቀት ቤዝመንት ውስጥ አታስቀምጡ፣ የዚህ አገር የበጋ እርጥበት ወረቀቱን ያጨማድደዋል፣ አልፎም ሻጋታ ያወጣበታል፣ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ሳጥን አድርጋችሁ ላይኛው ፎቅ ቁምሳጥን ውስጥ ይሁን።

ገንዘባችሁን ከምንም በላይ ወረቀት ላይ አውጡ። ሰው ሁሉ 48 ቀለም ያለበት ትልቅ ሳጥን ገዝቶ ወረቀቱን ይረሳዋል። የውሃ ቀለም በፕሪንተር ወረቀት ላይ ሲቀባ ወረቀቱ ይኮማተራል፣ ይቀደዳል፣ ቀለሙም ጭቃ ይሆናል፣ ልጁ ደሞ እኔ ነኝ የማልችለው ብሎ ያዝናል። 140 ፓውንድ ወይም 300 ግራም የሚል የተጻፈበትን ወፍራሙን ወረቀት ግዙ፣ ትልቁን ገዝታችሁ አራት ቦታ ቁረጡት፣ ጠርዙን በማስኪንግ ቴፕ ጠረጴዛው ላይ ለጥፉት፣ ልዩነቱን በአይናችሁ ታያላችሁ። ቀለሙን በተመለከተ ስድስት ይበቃል፣ ሁለት አይነት ቀይ፣ ሁለት አይነት ቢጫ፣ ሁለት አይነት ሰማያዊ፣ አንዱ ሞቅ ያለ አንዱ ቀዝቀዝ ያለ። ልጁ አረንጓዴውንም ቡናማውንም ብርቱካናማውንም ራሱ ደባልቆ ያወጣዋል፣ ትምህርቱም እሱ ላይ ነው ያለው፣ ሁሉም ተዘጋጅቶ ከቀረበለት ምን ይማራል። አክሪሊክ ለትልልቆቹ ነው፣ ከደረቀ ከልብስ አይለቅም፣ ብሩሹም ወዲያው ካልታጠበ ይበላሻል፣ ለትንንሾቹ የሚታጠበውን ቴምፔራ ስጧቸው።

አንድ ነገር በጣም አደራ የምላችሁ አለ፣ በተለይ ሁሉን ነገር አፉ የሚከት ህጻን ቤታችሁ ካለ። ብዙ ቀለም ላይ ኤኤስቲኤም ዲ 4236 (ASTM D-4236) የሚል ተጽፎ ታያላችሁ፣ ያ ማለት ምርቱ ተገምግሞ አደጋ ካለው ማስጠንቀቂያው በደንቡ መሰረት ተለጥፎበታል ማለት ነው፣ መርዝ የለውም ማለት አይደለም። መርዛማ እንዳልሆነ የሚነግራችሁ ኤፒ (AP) የሚለው ክብ ማህተም ነው፣ እሱን ፈልጉ። በየዶላር ሱቁ ምንም ያልተጻፈበት ቀለም አለ፣ እሱን ይቅርባችሁ።

ከሁሉ የሚያጓጓኝ ግን ይሄን እቃ ለራሳችን ፊደልና ለራሳችን ስዕል ስንጠቀምበት ነው። አማርኛ የሚያስተምር ወላጅ እዚህ አገር የሚሸጠውን ባለሶስት መስመር የእንግሊዝኛ መለማመጃ ደብተር ይገዛል፣ ያ ደብተር የተሰራው ትልቅና ትንሽ ፊደል ላለው ጽሁፍ ነው፣ ለኛ ፊደል አይመችም። ባለ አንድ ሴንቲሜትር ካሬ የሂሳብ ወረቀት ግዙ፣ እያንዳንዱ ፊደል በየቤቱ ይገባል፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ቤት ወደ ጎን ቆጥራችሁ መስመር ትሰሩለታላችሁ። ኢንዴክስ ካርድም እንደዛው፣ 33ቱ ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፣ ባለ 100ው ሶስት እሽግ ከገዛችሁ ለሁሉም ይደርሳል፣ የተረፈው ለእነ ቋና ጓ ይሆናል፣ ባለ ቀለሙን ካገኛችሁ ደሞ ለየቤቱ የተለያየ ቀለም ስጡት፣ ካዕቡ ሰማያዊ፣ ሣልሱ ቢጫ እያላችሁ፣ ልጁ ቶሎ ይይዘዋል። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ የካሊግራፊ ማርከርም አንድ ሁለት ጨምሩ፣ ፊደላችን ለዘመናት በመቃ ብዕር ብራና ላይ ሲጻፍ ስለኖረ ወፈር ቀጠን የሚለው መልኩ የሚወጣው በእንደዛ አይነት ጫፍ ነው፣ በኳስ እስክሪብቶ አይመጣም።

ስዕሉም አለ። የኛን የቤተክርስቲያን ስዕል ለልጅ ማስተማር ቀላል ነው፣ እቃውም ትንሽ ነው፣ የማይለቅ ጥቁር ቀጭን ማርከርና የውሃ ቀለም። መጀመሪያ ዳር ዳሩን በጥቁሩ ያሰምራል፣ ከዛ ውስጡን ቀይ ቢጫ አረንጓዴ ሰማያዊ ይሞላዋል፣ ማርከሩ የሚታጠበው አይነት ከሆነ ግን ውሃው ሲነካው ይፈስና ስዕሉን ያበላሸዋል፣ ስለዚህ ስትገዙ አይታችሁ። ትልልቅ አይኖች፣ ፊት ለፊት የሚያይ ፊት። ቅዱሳኑ በሁለት አይን ክፉዎቹ በጎን በአንድ አይን ነው የሚሳሉት ስትሏቸው ልጆቹ ደስታቸውን አይችሉትም፣ የሚያዩትን ስዕል ሁሉ አይኑን መቁጠር ይጀምራሉ። ባልቲሞር ያለው ዋልተርስ ሙዚየም ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያ ጥበብ ስብስቦች አንዱ አለው፣ መስቀሉ፣ ብራናው፣ ስዕሉ፣ ከዲሴምበር 2023 እስከ ማርች 2024 ትልቅ ኤግዚቢሽን አድርገውበት ነበር፣ መግቢያው ነጻ ነው። የስዕል ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ልጆቹን ውሰዷቸው፣ ቁጭ ብለው አይተው ይሳሉ፣ እሱም ፖርትፎሊዮ ውስጥ ይግባ። ከኛው ሰዎችም ሰዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ለብዙ ዓመታት እዚሁ ዲሲ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው ያስተማረው፣ ልጆቻችን ይሄን ሊያውቁ ይገባል።

እህቶቼ፣ ይሄ ሁሉ ለአንድ ቤት ከበደ ካላችሁ ተሰብስበን እንግዛው። ዕቁብ እንጥል የለ፣ ለዚህ ማን ከለከለን። አራት አምስት ቤተሰብ ሆናችሁ ሴሉ ሳያልፍ ተነጋገሩ፣ አንዷ ወረቀቱን በካርቶን ታምጣ፣ አንዷ ለትምህርት ቤት ክፍል የሚሸጠውን 400 ክሬዮን የያዘውን ሳጥን፣ አንዷ ቀለሙን፣ ከዛ ተካፈሉ። የተረፈውን አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ አንድ ሁለት ፓኬት ክሬዮን ጨምሩበት፣ ክብደቱ ምንም አይደል፣ ለሚደርሰው ልጅ ግን ብዙ ነው።

አሁን እናንተን የምጠይቃችሁ ነገር ልናገር። ሴሉ የሚያልቀው ኦገስት መጨረሻ ነው፣ እንቁጣጣሽ ደሞ ሴፕቴምበር 11፣ በመሀል አስር ቀን አካባቢ አለ። አገር ቤት ልጆች በእንቁጣጣሽ ጸሀይና አበባ መላእክትም እየሳሉ ለጎረቤት ሲሰጡ ነው ያደግነው፣ ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲሉ ወንዶቹ ስዕል ይዘው በየበሩ ይዞሩ ነበር፣ እዚህ የተወለዱት ግን ብዙዎቹ አላዩትም። በእንቁጣጣሹ እትማችሁ አንድ ገጽ ለልጆች ስዕል ስጡን። ትምህርት ቤት የሚሄደውም ቤት የሚማረውም ይላክ፣ ወንዱም ሴቷም፣ ስምና እድሜ ብቻ ይጻፍበት፣ ፎቶ አንስተን እንልካለን፣ የማይለቅ ማርከርና ደማቅ ቀለም ተጠቅመን ስለምንስል ጋዜጣ ላይ ጥርት ብሎ ይወጣል። ገጹ ካልበቃ ጥቁርና ነጭም ይሁን፣ ግማሽ ገጽም ይሁን። ከፈቀዳችሁ የማስረከቢያውን ቀን በሚቀጥለው እትም አውጡልን፣ እኔ በበኩሌ የማውቃቸውን እናቶች ሁሉ እቀሰቅሳለሁ፣ ስዕሎቹንም ሰብስቦ ማምጣት ካስፈለገ ቢሯችሁ ድረስ አመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ልጆቿን ቤት የምታስተምር እናት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ