ድሮን ላይ የተጫኑ ሬዲዮዎች እርስ በርስ ሲረባበሹ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ድሮን ግንኙነቱ ሲቋረጥ ብዙዎች የሚጠረጥሩት የውጭ ጠላፊን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ረባሹ እዚያው ድሮኑ ላይ የተጫነ መሣሪያ ነው። መቆጣጠሪያውና ቪዲዮ አስተላላፊው ሁለቱም በ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ከሠሩ፣ የቅርቡ ቪዲዮ አስተላላፊ የመቆጣጠሪያውን ተቀባይ ያደነቁረዋል፤ ቪዲዮውን ወደ 5.8 ጊጋኸርዝ ማዛወር ይሻላል። በ1575.42 ሜጋኸርዝ ከሳተላይቶች እጅግ ደካማ ምልክት እየተቀበለ ድሮኑ ያለበትን ቦታ የሚለየውን ጂፒኤስ ደግሞ የ1.3 ጊጋኸርዝ ቪዲዮ አስተላላፊ በቀላሉ ያፍነዋል። ስለዚህ የጂፒኤሱ አንቴና ከአስተላላፊው ርቆ፣ በምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። የዩኤስቢ 3 የመረጃ ገመድም በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ጫጫታ ይረጫልና መከለያ ያለው ይመረጥ።

ከመብረር በፊት ፕሮፔለሮቹን (የሚሽከረከሩትን ክንፎች) አውልቆ፣ በመጀመሪያ ጂፒኤሱን ብቻ፣ ከዚያ ሌሎቹን አንድ በአንድ ማብራት ያስፈልጋል። የሳተላይቶቹ ምልክት ድንገት የሚዳከመው ረባሹ መሣሪያ ሲበራ ነው። ይህ ፍተሻ ሊዘለል አይገባም ብለን አጥብቀን እናሳስባለን።