ጎንደር ለእግረኛዋ ቦታ ስትለቅ

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ኮሪደር ልማት በጋዜጣችሁ የሚወጡትን የአንባቢያን ደብዳቤዎች ተከታትዬ አነባለሁ። አብዛኞቹ አዲስ አበባን የሚመለከቱ ስለሆኑ፣ ተወልጄ ባደግሁባትና ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ባስተማርሁባት በጎንደር ስለሚከናወነው ሥራም የአንዲት ነዋሪ ቃል ይሰማ ዘንድ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ። ሐሳቤን ሳላድበሰብስ ላስቀድም፤ በሥራው ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው የመብራቱን ድምቀትና የሕንፃዎቹን ቀለም ያነሣል፤ እኔን ግን ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ከተማችን ከብዙ ዘመን በኋላ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ቦታ መልቀቅ መጀመሯ ነው።

እናቴ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው። መኖሪያችን አራዳ አካባቢ ሲሆን፣ እርሷ በየወሩ በ21 ግምጃ ቤት ማርያምን ሳትሳለም ውላ አታውቅም። ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድ ለጤነኛ ሰው ቢበዛ የሩብ ሰዓት ነው፤ ይሁን እንጂ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን መንገድ በባጃጅ እንጂ በእግሯ ሄዳው አታውቅም ነበር። የእግረኛ መንገድ የሚባለው ግማሹ ፈራርሶ፣ ግማሹም በሱቅ ዕቃና በሸራ ተይዞ ስለነበር፣ ሰው ሁሉ ወደ አስፋልቱ ወርዶ ከባጃጅ ጋር እየተጋፋ ይሄድ ነበር። የዲቹ ክዳንም በየቦታው ተነሥቶ ስለነበር፣ ክረምት ላይ ጎርፍ ሲሞላው ጉድጓዱ የት እንዳለ የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም ሁልጊዜ አያውቀውም። እናቴ በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ከእነዚህ ጉድጓዶች በአንዱ ወድቃ የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ከደጅ አትወጣም ነበር።

የመንገዱ ሥራ ወደ እኛ ዘንድ ሲደርስ፣ ገና ሳያልቅ ልታየው ፈለገችና ክንዷን ይዤ ወጣን። አንድ የሃያ ዓመት ገደማ ልጅ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ክር ወጥሮ፣ ውሃ ልኩን በአንዱ ድንጋይ ላይ አጋድሞ ጥግ ጥጉን በመዶሻ እጀታ መታ መታ ያደርግ ነበር። እናቴ ከአጠገቡ ቆመችና «አንተ ልጅ፣ ይኼ ድንጋይ በክረምት አያንሸራትትም?» አለችው። ልጁ ቀና ብሎ አያትና «አያንሸራትትም እማማ፤ ፊቱን ሆን ብለን አሻክረነዋል፤ ይንኩት እስቲ» ብሎ አንዱን ድንጋይ አንሥቶ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘላት። እርሷም ዱላዋን ለእኔ ሰጥታ፣ በዚያች በተሰበረችው እጇ መዳፍ ድንጋዩን ደጋግማ አሸችውና «እንደ ወፍጮ መጅ ነው» አለች። በቀጣዩ ወር በ21፣ ከቤት እስከ ግምጃ ቤት ማርያም ሁለት ጊዜ ብቻ ዐረፍ ብላ በእግሯ ደርሳ ተመለሰች።

ይህን የቤተሰብ ወግ ያነሣሁት፣ የጎንደር ነገር ከጥንት ጀምሮ በእግር የሚታይና በእግር የሚለካ ስለሆነ ነው። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማቸውን እዚህ ሲቆረቁሩ ያስጀመሩት ግቢ፣ ልጃቸው ቀዳማዊ ዮሐንስ፣ ታላቁ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ እየጨመሩበት ያደገ ሲሆን፣ ዙሪያውን ያጠረው ግንብ 900 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ያ ግንብ አሥራ ሁለት በሮች አሉት፤ ስማቸውም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ጃን ተከል በር፣ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ ተዝካሮ በር፣ እርግብ በር፣ ራስ በር፣ አዛዥ ጥቋሬ በር እያለ የሚሄደው ስም፣ በዚያ ዘመን ማን በየት በኩል ይገባ እንደነበረና ግቢው እንዴት ይኖር እንደነበረ ለሚያስተውል ሰው ብዙ ይነግረዋል። በመምህርነት ዘመኔ በየዓመቱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን ይዤ ግንቡን በውጭ በኩል እዞር ነበር፤ ካርታ ማንበብ የሚጀምረው የራስን ከተማ በእርምጃ ከመለካት ነው ብዬ አምን ስለነበር ነው። ነገር ግን ዙሩን ሳናቋርጥ ጨርሰነው አናውቅም። በአንዱ በኩል ቆሻሻ ይከመራል፣ በሌላው በኩል የቆርቆሮ አጥር ይገጥመናል፣ ከዚያ ወደ አስፋልት ወርደን፣ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አሰልፌ፣ መኪና እያሳለፍን ነበር የምንሄደው። አሁን በግቢው ዙሪያ መንገዱ ሲጠረግና ግንቡ ከግርጌው እስከ ጫፉ ሲገለጥ፣ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ልጆቹን ይዞ በሮቹን በስማቸው እየጠራ ሲያዞራቸው አገኘሁት። ሰላም ተባብለን ተለያየን እንጂ፣ ያን ቀን እንባዬን መያዝ አቅቶኝ ነበር።

ስለ ፒያሳም አንድ ነገር ማለት እወዳለሁ፤ በሌሎች ጸሐፊዎች ሲነገር ስላልሰማሁት ነው። ዛሬ ፒያሳ የምንለው ሰፈር፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱና ጥጋቸው የተጠማዘዘ ፎቆች ጭምር፣ በጠላት ወረራ ዘመን የተሠራ ነው። ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለው ኢጣሊያዊ አርክቴክት ለጎንደር ያወጣው ፕላን የኢጣሊያውያኑን ሰፈርና የአገሬውን ሰፈር ለይቶ የሚያስቀምጥ ነበር፤ ያማረው ጎዳና ለገዢው፣ የተቀረው ለተገዢው ማለት ነው። ጎንደር በኢጣሊያ እጅ ከነበሩት የአገራችን ከተሞች መጨረሻ ላይ፣ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ሕንፃዎቹ ለእኛ ቀሩ፤ እኛም ለሰማንያ ዓመታት ያህል በውስጣቸው ኖርን፣ ነገድን፣ ደብዳቤ ላክን፣ ፊልም አየን። ይሁን እንጂ ጎዳናውን የራሳችን አድርገን፣ ለራሳችን አካሄድ አስበን እንደገና የሠራነው በእኔ ዕድሜ አሁን ገና ነው። ምሽት ላይ ቤተሰብ ከነልጁ፣ ካህኑ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ ከገጠር ለሕክምና የመጣው ገበሬ ጭምር በዚያ ጎዳና ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ሳይ፣ ያ የመለያየት ፕላን ዛሬ በእውነት እንደተሻረ ይሰማኛል።

ሥራውን መውደዴ ጉድለቱን እንዳላይ አላደረገኝም፤ እንዲያውም ስለምወደው ጉድለቱ ይበልጥ ያሳስበኛል። መንገዱ ሲሰፋ የእኛም አጥር ሁለት ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ይህን ያለ ቅሬታ ተቀብለነዋል። ነገር ግን የመቆፈሪያ ማሽኑ የሰፈራችንን የውሃ ቧንቧ በጥሶ አሥራ አንድ ቀን ውሃ ስናጣ፣ መቼ እንደሚጠገን የሚነግረን ሰው አላገኘንም፤ ወደየትም ብንሄድ አንዱ ወደ ሌላው ይመራን ነበር። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ የጎረቤታችን ጉዳይ ነው። ነጠላና ጋቢ የምትሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ የነበረቻት እናት፣ ሱቋ ፈርሶ ወደተሰጣት ቦታ ስትሄድ ደንበኞቿ አብረዋት አልሄዱም። ከሦስት ወር በላይ ከምግብና ከቤት ኪራይ ጋር ስትታገል በዓይኔ አይቻለሁ። ከተማ የሚታደሰው ለሚኖርባት ሰው እስከሆነ ድረስ፣ ከቦታው የሚነሣ ነጋዴ አዲሱ ቦታው ተሠርቶ፣ መብራትና ውሃ ገብቶለት፣ ለደንበኞቹ የሚነግርበት በቂ ጊዜ ተሰጥቶት ሊነሣ ይገባል። ይህ ለሥራው ፍጥነት እንቅፋት የሚሆን ጥያቄ አይደለም፤ አስቀድሞ መነጋገርን ብቻ ይፈልጋል።

ስለ ድንጋዩና ስለ ኖራውም ዝም ማለት አልችልም። የፋሲል ግቢ ግንቦች የተሠሩት ከአካባቢው ጥቁር ድንጋይ በኖራ ተገንብተው ሲሆን፣ በቅስቶቹና በመስኮቶቹ ዙሪያ ደግሞ ያ ቀላ ያለው ለስላሳ ድንጋይ ገብቶበታል። በኢጣሊያ ዘመን በሲሚንቶና በብረት የተደረገው ጥገና ለጥንታዊው ግንብ የማይስማማ ሆኖ በመገኘቱ፣ ከዚያ በኋላ ዩኔስኮ ባገዘው ጥገና ወደ ኖራ መመለስ አስፈልጓል። ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ግቢ ስለሆነ፣ በቅርቡ ለተደረገለት ጥገና ምስጋናዬን እያቀረብሁ፣ በአጥሩ ዙሪያ በሚሠራው ማንኛውም ነገር ላይ ይህ ትምህርት እንዳይዘነጋ አደራ እላለሁ። ግንቡ በኖራ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ያፍነዋል። በየቦታው የሚተከለው መብራትም ለስለስ ያለ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ቀለሙ የሚቀያየር መብራት ለሆቴል ደጅ ያምር ይሆናል፣ የበካፋን ግንብ ግን አያስከብርም።

«ውሃ በቧንቧ በሳምንት አንዴ በማይመጣበት ከተማ የእግረኛ መንገድ ምን ያደርጋል?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ጥያቄያቸው ውሃ የሚያነሣ ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ የሕዝባችንም ቁጥር እየጨመረ መሄዱን፣ የመገጭ ግድብም ስንት ዓመት እንደተጠበቀ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሌሊት ተነሥቼ በርሜል ከሚሞሉት አንዷ እኔ ነኝ። ይሁን እንጂ የአንዱ መዘግየት የሌላው መቅረት ምክንያት ሊሆን አይገባም። በእኛ መንገድ ላይ ሲቆፈር፣ በየምሰሶው ተንጠላጥሎ የነበረው ሽቦ ወደ መሬት ሲገባና የጎርፉ ቱቦ ሲሰፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለፈው ክረምት ዝናቡ በርትቶ ሳለ፣ በየዓመቱ ወደ ቤታችን የሚገባው ጎርፍ ደጃችንን አልፎ ወረደ። እንግዲህ ይህ ጌጥ ነው ሊባል አይችልም። ደግሞም ክልላችን በገባበት ግጭት ምክንያት የውጭ አገር እንግዳ በራቀበት፣ አስጎብኚዎቻችንና የሆቴል ሠራተኞቻችን ሥራ በፈቱበት ወቅት፣ ከተማችን ራሷን ለራሷ ልጆች ማስተካከሏ ተስፋን የሚያለመልም ነገር ነው። ሰላሙ ሲመጣ እንግዳው መምጣቱ አይቀርም፤ እስከዚያ ድረስ ግን የምንሄድባት እኛው ነን።

ስለሆነም ጥያቄዬ ሥራው እንዲቀጥልና ከፒያሳ እንዲወጣ ነው። አዲስ ዓለምም፣ ቅዳሜ ገበያም፣ አዘዞም የጎንደር ሰው የሚኖርባቸው ናቸው፤ ልጆቻቸው ጭቃ እየረገጡ ትምህርት ቤት የሚሄዱባቸው ሰፈሮች ተራቸውን ሊያገኙ ይገባል። ከሁሉም አስቀድሞ እንዲታሰብበት የምለምነው ግን ከመሐል ከተማ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ የሚወስደው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውሃ በሚሞላው የፋሲል መዋኛ፣ ጥር 10 ታቦታቱ ሲወርዱና ጥር 11 ሕዝቡ ሲጠመቅበት የሚሰበሰበውን ያህል ሰው ከተማችን በሌላ በምንም ቀን አታስተናግድም። የጥምቀት በዓላችንም በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ የዚያ መንገድ ጉዳይ የእኛ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ሆኖም ሰው ታቦት አጅቦ ሲወርድ የሚረግጠው መንገድ ዛሬም በብዙ ቦታ ጠባብ ነው፤ የሚያርፉበት አግዳሚ፣ ውሃ የሚጠጡበት ቦታ፣ ለሴቶችና ለሕፃናት የሚሆን ንጹሕ መጸዳጃ በበቂ የለም። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በዓሉን በቴሌቪዥን የሚከታተሉት ፈልገው አይደለም።

እናቴ ከተራን በእግሯ ወርዳ ካየች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። የግምጃ ቤት ማርያሙ መንገድ ከተሠራ በኋላ ግን «ወደ ታች ያለውስ መቼ ይደርሳል?» እያለች በየጊዜው ትጠይቀኛለች፤ ባለፈው ሳምንትም የዱላዋ ጫፍ ጎማ አልቆ ስለነበር ልጄን ልካ አዲስ አስገጥማለች።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣች መምህርት
ጎንደር፣ አራዳ