ልጆቻችን ብረት የሚነኩት ፈተና ሲወድቁ ብቻ ነው እንዴ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ሥራዬ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚልጥ ማሽን) እና ብየዳ ነው፣ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስለ 12ኛ ክፍል ውጤት የምታወጡትን ሁሉ አነባለሁ። ስለ ፈተናው ብዙ ተብሏል፣ እኔ ስለ ልጆቹ እጅ ልጽፍላችሁ ፈልጌ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ሻፍት፣ ማለትም የወፍጮውን የሚዞር ዘንግ፣ ተሸክሞ መጣ። ኩሽኔታው (ዘንጉ ተደግፎ የሚዞርበት ቀለበት) የሚቀመጥበት ቦታ ተበልቷል። ኩሽኔታው 6207 ነው፣ የውስጡ ስፋት 35 ሚሊ ሜትር። ሻፍቱ ግን እዚያ ጋ 34.3 ደርሷል፣ ስለዚህ ኩሽኔታው ላዩ ላይ ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ወፍጮው ሰፈሩን እስኪረብሽ ይጮሃል። መፍትሔው የታወቀ ነው። የተበላውን በብየዳ መሙላት፣ ሲቀዘቅዝ ቶርኖ ላይ አስሮ እየላጡ ወደ 35 መመለስ።

እኔ ይሄን ስሠራ የጎረቤቴ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። የናቹራል ተማሪ ነው፣ 12ኛ ተፈትኖ ውጤት ይጠብቃል። "ግባ" አልኩት። ካሊፐር፣ የብረት ውፍረት መለኪያ፣ ሰጠሁትና "እስቲ ለካ" አልኩት። አገላበጠው። የትኛው መስመር እንደሚነበብ አላወቀም። 12 ዓመት ተምሮ ካሊፐር በእጁ ይዞ አያውቅም። በእሱ አልፈርድም፣ ማን ሰጠው?

ቆየት ብሎ "ጋሼ፣ በስንት ፍጥነት ነው የምታዞረው?" አለኝ። ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ይሄን ጥያቄ ብዙ ደንበኛ አይጠይቅም። እንዲህ ላለ ብረት መቁረጫው በደቂቃ 25 ሜትር ያህል ቢሄድ ጥሩ ነው፣ ሻፍቱ ተሞልቶ 38 ሚሊ ሜትር ሆኗል፣ በደቂቃ ስንት ዙር ይሁን፣ አስላው አልኩት። ስልኩን አወጣ። 38ን በፓይ አባዛ፣ 25 ሜትሩን ወደ 25,000 ሚሊ ሜትር ለውጦ ለዚያ አካፈለ፣ "210 አካባቢ" አለ። ከማሽኑ ማርሾች ለዚያ የሚቀርበውን መርጠን አስነሳነው። ልጣጩ እየተጠቀለለ መውረድ ሲጀምር ልጁ ዞር ብሎ "ይሄማ የተማርነው ነው እኮ!" አለኝ። እስኪመሽ አልሄደም።

ልጁ ሒሳቡን አውቆታል። ሒሳቡ ምን እንደሚሠራ ግን ያየው ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ፣ ያውም በአጋጣሚ እኔ በር ላይ ቆሞ ነው። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ቁጥሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2014 ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። የቀሩት ልጆች ውስጥ ለሪሚዲያል የሚታደሉት ይታደላሉ፣ ሌላው "በቃ ቴክኒክና ሙያ ግባ" ይባላል። አባባሉን ልብ በሉት። "በቃ" ነው የሚባለው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይገባል፣ እናቱም ለዘመድ ስትናገር ድምጿን ቀንሳ ነው። እንዲህ አዝኖ የገባ ልጅ ማሽን ይወዳል ብላችሁ ታስባላችሁ?

ጥፋቱ የቤተሰብ ብቻ አይደለም፣ ከቆየ ነገር የመጣ ነው። ጎንደሬ ሁሉ አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ስላሠሩት የሴባስቶፖል መድፍ ሲያወራ ደረቱን ይነፋል፣ ደግሞም ይገባዋል። እዚሁ አፍንጫችን ሥር ወለቃ ግን የቤተ እስራኤል ባለሙያዎች ለገበሬው ማረሻና ማጭድ እየሠሩ ቡዳ ሲባሉ ኖረዋል። ባለሙያን በሙያው መስደብ እንዲቀር አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ዛሬ ስድቡ ቀንሷል። ግን አንዲት ጎረቤቴ፣ የማከብራት እናት፣ "ወንድሜ፣ ልጄን ለዚህ ነው እንዴ ያስተማርኩት?" ብላኛለች። እኔ ሦስት ልጆች የማሳድገው በዚህ ሥራ መሆኑን እያወቀች።

ስለዚህ የምለው፣ ልጆቹ ብረት መንካት ያለባቸው ከፈተናው በፊት ነው። 11ኛ ክፍል ላይ ይጀምር፣ ቢቻል ቀደም ብሎ። ዶክተር የሚሆነውም ይንካ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሙያና ቴክኒክ ትምህርትን ወደ መደበኛው ክፍል ማስገባቱ ትልቅ ነገር ነው። ግን በጥቁር ሰሌዳ ብየዳ አይለመድም። እኔ ራሴ በ10+2 ዘመን ነው የሠለጠንኩት፣ ከ10ኛ ክፍል በኋላ ሁለት ዓመት ሙያ ማለት ነው። ማሽኑ አንድ ነበር፣ እኛ ከሠላሳ በላይ። ኤሌክትሮድ (የብየዳው ዘንግ) በወሩ መጀመሪያ ያልቅና የቀረውን ጊዜ ደብተር ላይ ስንገለብጥ እንውል ነበር። ሥራውን የለመድኩት ወጥቼ፣ በሰው ብየዳ ቤት፣ በነጻ እያገለገልኩ ነው።

ገንዘብ የለም እንደምትሉ አውቃለሁ። በብየዳ ይጀመር። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ቶርኖ መግዛት አያስፈልግም፣ ዋጋውም፣ የሚፈልገው ስሪ ፌዝ (የከባድ ማሽን መብራት መስመር) ም ከባድ ነው፣ ለሁለት ለሦስት ትምህርት ቤት አንድ ወርክሾፕ ይበቃል። በፈረቃ የሚማሩ ልጆች ግማሽ ቀን ነጻ ናቸው። መለማመጃ ብረት ካጣችሁ ደግሞ ከትምህርት ቤቶቹ ጀርባ ሂዱና እዩ። እግራቸው የተነቀለ የብረት ዴስኮች ተቆልለው ዝናብ ይመታቸዋል። የዴስክ ቱቦላሬ ስስ ነው፣ በ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ አምፒሩን 70 አካባቢ አድርጎ ካልተያዘ ይበሳል። አንድ ልጅ ሳይበሳ አሥር ዴስክ ከበየደ እጁ ተፈታ ማለት ነው፣ ታናናሾቹም መሬት ላይ መቀመጥ ይቀርላቸዋል። እኛ ባለሙያዎችም እንግባ። ዲግሪ የለህም ተብለን በሩ አይዘጋብን፣ መምህሩ ቲዎሪውን ይንገር፣ እኛ እጁን እናሳይ።

የዓይናቸው ነገርም አለ። ትምህርት ቤት ያላስተማረውን ሰፈር ያስተምረዋል፣ ያውም በመጥፎ። በፀሐይ መነጽር የሚበይዱ የ15 ዓመት ልጆች በየመንገዱ አያለሁ። ቀን ምንም አይላቸውም። ሌሊት ላይ ነው ዓይናቸው አሸዋ እንደገባበት የሚቆረቁራቸው፣ እያለቀሱ የሚያድሩት። ቁጥር 10 ወይም 11 ጥቁር መስታወት ያለው ማስክ ይሄን ሁሉ ያስቀራል፣ ግን የነገራቸው ሰው የለም።

እኔ በበኩሌ ቅዳሜ ጠዋት ቤቴን ከፍቻለሁ። አንድ ቶርኖና ሁለት የብየዳ ማሽን አለኝ። በአንድ ጊዜ አራት ተማሪ መያዝ እችላለሁ፣ ሴቶችም ቢሆኑ ደስ ይለኛል። ክፍያ አልጠይቅም፣ ትምህርት ቤቶቹ ማስክና ጓንት ብቻ ይቻሉ። ልጆቹ ጠበብ ያለ ልብስና ሽፍን ጫማ አድርገው ይምጡ፣ ጸጉራቸውንም ይሰሩት። ነጠላ ጫማ ላደረገ ማሽን አላስነካም።

ከአዘዞ፣ ጎንደር